ቲ-በኬት ሆት ሮድ፦ ከባዶ መሥራትና የ70ዎቹን ወደ 50ዎቹ መልክ መመለስ

ሆት ሮድ ለፍጥነት ተብሎ የተቀየረ አሮጌ መኪና ነው፤ ቲ-በኬት ደግሞ ከፎርድ ሞዴል ቲ የሚሠራው ዓይነት ነው። "በኬት" ባልዲ ማለት ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ ባለሁለት ሰው ቦዲ ከሻንሲው ወርዶ ለብቻው ሲቀመጥ ባልዲ ይመስላል፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። የመጀመሪያውን ቦዲ በፒክአፕ ጭኜ ግቢ ሳስገባ ባለቤቴ በመስኮት አይታ "ደግሞ ይኼን ገንዳ ከየት አመጣኸው?" አለችኝ። ከእውነቱ ብዙም አልራቀችም።

ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ካለ ጋራዥ ነው፤ አሁን የምሠራው ሎስ አንጀለስ ነው። ስለዚህ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጥንት)፣ ባሌስትራ (የሉህ ስፕሪንግ)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) እያልኩ ነው የምጽፈው። የጋራዥ ሰው ይገባዋል። ፍሬን ፈትቶ ገጥሞ የማያውቅ ሰው ግን ይህችን የመጀመሪያ ሥራው ባያደርጋት ይሻላል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ መልኩን መምታት ከባድ ነው። ፎርድ ሞዴል ቲን ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሯ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ግን ቀላል ነበረች፣ ርካሽ ነበረች፣ በየጓሮው ወድቃ ትገኝ ነበር። የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ፓራፋንጎና ኮፈኗን እየነቀሉ ሙሮክና ኤል ሚራዥ በሚባሉት ደረቅ ሐይቆች ላይ ይሽቀዳደሙባት ጀመር። ዛሬ ቲ-በኬት ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣውን መልክ የሰጣት ግን ኖርም ግራቦውስኪ ነው። የ1922 ሞዴል ቲን የፊት ግማሽ ወስዶ፣ ከኋላው የሞዴል ኤ ፒክአፕ የጭነት ሳጥን አሳጥሮ ገጠመ፣ ከፊት የ1952 ካዲላክ ሞተር ጫነ። መኪናዋ በኦክቶበር 1955 የሆት ሮድ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ ከ1958 ጀምሮ ደግሞ በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እየታየች በየሰው ቤት ገባች። ቶሚ አይቮ በበኩሉ የቢዩክ ሞተር ጭኖ የራሱን ሠራ። የሁለቱን መኪኖች የጎን ፎቶ አትማችሁ የሥራ ጠረጴዛችሁ በላይ ለጥፉ። ሲያጠራጥራችሁ ቀና ብላችሁ እሱን እዩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በሌላ መኪና ላይ ጥፋት ብትሠሩ ኮፈኑ ይሸፍንላችኋል፣ ፓራፋንጎው ይሸፍንላችኋል። ቲ-በኬት ሁለቱም የላትም። እያንዳንዱ ቡሎን፣ እያንዳንዱ የብየዳ መስመር፣ እያንዳንዱ የፍሬን ቱቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። ሥራው የሚበላሸውም ሆነ የሚያምረው ከብየዳ በፊት ባለው ልኬት ነው።

ደረጃ 1፦ ዘመኗን ወስኑ

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት መኪናዋ የየትኛው ዘመን እንደሆነች ወስኑ። በ50ዎቹ መልክ የምትሠራ ከሆነ ሞተሯ የፎርድ ፍላትሄድ ቪ8 (ቫልቮቹ በብሎኩ ውስጥ ያሉበት፣ ከ1932 እስከ 1953 የተሠራው)፣ የ50ዎቹ መጀመሪያ ካዲላክ ወይም ቢዩክ፣ አለዚያም በ1955 የወጣው የሸቭሮሌ 265 (ቁጥሩ የሞተሩ ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ነው) ይሆናል። ቸርኬዋ የላሜራ ይሆናል፣ ቀለሟ አንድ ወጥ፣ መስታወቷ አጭር። የ50ዎቹ ሞተር ጭናችሁ የ70ዎቹን የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ቸርኬ ከገጠማችሁባት በጥብቆ ላይ ከረባት ማሰር ነው።

ፍላትሄድ መልኩ ልብ ይሰርቃል፤ ዋጋውና ሙቀቱ ግን ያስቸግራል። እኔ የተጠቀምኩት የሸቭሮሌ 350 ነው። ዕቃው በየመንደሩ ይገኛል፣ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም፣ ላዩን የድሮ ዕቃ ካለበሳችሁት ደግሞ ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ዘመኑን የሚለየው ሰው ጥቂት ነው።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ኋላ በይዱ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል። እኔ ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ።

በውሃ ልክ የተመረመረ ወለል ያዙ። በእንጨት ብሎኬት ላይ አራቱንም ጎማዎች በቦታቸው አቁሙ፤ ከፊት አክስል መሀል እስከ ኋላ አክስል መሀል 100 ኢንች (254 ሳንቲ ሜትር) መነሻ ይሁናችሁ፤ የሞዴል ቲ የራሷ ልክ ነው። ሞተርና ካምቢዮ ረዥም ከሆነ ጥቂት ኢንች ጨምሩ። ሻንሲውን ገና አትቁረጡት፤ በቦታው የሻንሲውን ውፍረት ያለው እንጨት አስቀምጡ። ባዶ የሞተር ብሎክ፣ ባዶ የካምቢዮ ሽፋን፣ ራዲያተሩንና ቦዲውን በላዩ ደርድሩ። የሸቭሮሌ ሞተር ዲስትሪቢዩተሩ ከኋላ በኩል ስለሆነ ከቦዲው የፊት ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ወይ ሞተሩን ወደፊት ትስቡታላችሁ፣ ወይ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ትሰረጉዱታላችሁ። ይህ አሁን ካልታየ ኋላ የእግራችሁን ቦታ ይበላዋል።

ከዚያ ግቡና ተቀመጡ። ስትቀመጡ የምትጠቀሙበትን ስፖንጅ አድርጉ። እኔ የመጀመሪያዋን ስሠራ በባዶ ጣውላ ላይ ተቀምጬ ለክቼ የመሪውን ቀዳዳ በሳሁ። መቀመጫው አራት ኢንች ስፖንጅ ጨምሮ ሲመጣ ጭኔ ከመሪው ሥር ገብቶ ተቀረቀረ፤ ፍሬን ለመርገጥ እግሬን በእጄ ማንሳት ነበረብኝ። የፋይበርግላስ ወለል እንደገና ተደፍኖ እንደገና ተበሳ። ከመሪው እስከ ደረታችሁ፣ ከጉልበታችሁ እስከ ዳሽቦርዱ፣ ከወገባችሁ እስከ ፔዳሉ ያለውን ለክታችሁ በግድግዳው ላይ ጻፉት። መግቢያውንም አስቡ፦ አሜሪካ የተሠሩት እስከ 1925 ያሉት ክፍት ባለሁለት ሰው ሞዴል ቲዎች በሾፌሩ በኩል የሚከፈት በር የላቸውም፤ በሩ የተሳለ መስመር ብቻ ነው። የፋይበርግላስ ቦዲዎች ብዙዎቹ ጭራሽ በር የላቸውም። ከፍ ብሎ ዘሎ መግባት ነው፤ የካምቢዮ ማርሹና የእጅ ፍሬኑ ሱሪ የማይዙበት ቦታ ይሁኑ።

በመጨረሻ ከመኪናዋ ጎን፣ ከሩቅ፣ ካሜራውን በቸርኬው መሀል ቁመት ላይ ይዛችሁ ፎቶ አንሱ። ቆሞ ወደ ታች ማየት ያታልላል። በፎቶው ላይ የራዲያተሩ ጫፍ፣ የቦዲው የላይኛው ከንፈርና የኋላው ሳጥን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲፈስሱ ማየት አለባችሁ። ራዲያተሩ ከቦዲው በላይ ጉብ ካለ መኪናዋ ኮፍያ ያጠለቀች ትመስላለች። ሁለት ኢንች ማሳጠር ፊቷን ይቀይረዋል።

ደረጃ 3፦ ሻንሲ

2×3 ኢንች ቱቦላሬ፣ ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ይህን ነው፤ ይበቃልም። ሁለቱን ረዣዥም ጎኖች ጎን ለጎን አስራችሁ አንድ ላይ ቁረጡ፣ አንድ ላይ ምልክት አድርጉ። ከኋላ አክስሉ እንዲያልፍበት ወደ ላይ የሚነሳውን ክፍል ስትሠሩ መጋጠሚያው ላይ በጎን በኩል የሳህን ድጋፍ ጨምሩበት።

በብረት ጠረጴዛ ላይ አስራችሁ መጀመሪያ ፑንታ (በነጥብ በነጥብ የሚያዝ ጊዜያዊ ብየዳ) ብቻ አድርጉ። ከዚያ ሰያፉን ለኩ፦ ከግራ ፊት ጥግ እስከ ቀኝ ኋላ ጥግ፣ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ። ልዩነቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ስትበይዱ አንዱን ጥግ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እዚህ፣ ቀጥሎ በሰያፉ ተቃራኒው ጥግ፣ እየተዟዟራችሁ። ብረት ሲሞቅ ይጎትታል፤ በአንድ በኩል ብቻ ካሞቃችሁት ሻንሲው እንደ ሙዝ ይጎብጣል። በየመሀሉ ሰያፉን ደግማችሁ ለኩ። ብየዳችሁ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ ካላችሁ ፑንታ አድርጋችሁ ሠርተፊኬት ላለው በያጅ ውሰዱት፤ ነውር የለውም።

ደረጃ 4፦ የፊት አክስል

የተለመደው አቀማመጥ ባሌስትራው በአግድም፣ ከሻንሲው አፍንጫ ፊት በተበየደ ቅንፍ ላይ የሚቀመጥበት ነው። አሜሪካኖቹ "ሱሳይድ" ይሉታል፣ ራስ ማጥፊያ እንደማለት፤ ያ ቅንፍ ከተገነጠለ የመኪናዋ ፊት አስፋልት ላይ ይወድቃልና። ስለዚህ ቅንፉን በላይም በታችም በሦስት ማዕዘን ድጋፍ አጥብቁት። አክስሉ መሀሉ አራት ኢንች ወደ ታች የጎበጠ ቢሆን መኪናዋ ዝቅ ትላለች። አክስሉን ወደኋላ የሚይዙት ዘንጎች በእያንዳንዱ ጎን አንድ የፀጉር ሽቦ የሚመስል ሹካ፣ ወይም ሁለት ሁለት ትይዩ ዘንግ ናቸው። ለ50ዎቹ መልክ የፀጉር ሽቦው ይሻላል።

የጎማው መታጠፊያ ፒን ከላይ ወደኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ ካስተር የሚባለው፣ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይሁን። ያነሰ ከሆነ መሪው በፍጥነት ይቅበዘበዛል። ታዲያ ይህ ማዕዘን ከሻንሲው ዝንባሌ ጋር አብሮ ይቀየራል፦ ከኋላ ትልቅ ጎማ አድርጋችሁ አፍንጫዋን ባዘነበላችሁ ቁጥር ካስተሩ ይቀንሳል። ስለዚህ መጨረሻ የምትነዱበትን ጎማ ሳትገጥሙ ቅንፎቹን ጨርሳችሁ አትበይዱ። ጎማዎቹ ከፊት በኩል ከኋላቸው ይልቅ በ1/16 እስከ 1/8 ኢንች ይቀራረቡ።

ደረጃ 5፦ መሪ

ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ብዙ ሰው የሚወደው ከ1960 እስከ 1969 የተሠራችውን የሸቭሮሌ ኮርቬር የመሪ ሳጥን ነው። ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት። ግን በቲ-በኬት ላይ በተለመደው አኳኋን ስትቀመጥ ውስጧ ተገልብጦ መሠራት አለበት፤ ተገልብጣ የተሠራችም ትሸጣለች። እኔ ፖሞና የዕቃ ገበያ በሌሊት ሄጄ፣ በባትሪ ብርሃን አንዷን በርካሽ ገዛሁ። መኪናዋን በክሪክ አንስተን ገጠምናት። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ ጎማዎቹ ወደ ግራ ሄዱ። አብሮኝ የነበረው ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ገዝታችሁ ስትመጡ ከመግጠማችሁ በፊት በሞርሳ አስራችሁ አሽከርክሯት።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሳጥኑ ወደ ፊት ጎማው የሚሄደው ረዥም ዘንግ ነው። አክስሉ ጉድጓድ ሲመታ ወደ ላይ የሚሄደው ቀጥ ብሎ አይደለም፤ ከኋላ የያዘውን ዘንግ መነሻ አድርጎ ቅስት እየሠራ ነው። የመሪው ዘንግም የራሱ ቅስት አለው። ሁለቱ ቅስቶች ካልተስማሙ መሪውን ሳትነኩት ጎማው በራሱ ይዞራል። መፍትሔው ሁለቱን ዘንጎች በተቻለ መጠን ትይዩና እኩል ርዝመት ማድረግ፣ የኋላ መነሻቸውንም ጎን ለጎን ማቀራረብ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ባሌስትራውን አውጡ፣ መሪውን በገመድ እሰሩት፣ አክስሉን በክሪክ ሁለት ኢንች ወደ ላይ፣ ሁለት ኢንች ወደ ታች አንቀሳቅሱ። በቸርኬው ላይ ረዥም ቀጥ ያለ ዘንግ አስራችሁ ጫፉን ተመልከቱ። ወደ ቀኝ ወደ ግራ ከተወዛወዘ የመሪውን ክንድ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አስተካክሉ።

ሦስተኛው ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ ነው። ከአንዱ የመታጠፊያ ፒን እስከ ኋላ አክስሉ መሀል ክር ወጥሩ፤ ክሩ በቴስቲናው መሀል ማለፍ አለበት። ካላለፈ መኪናዋ ስትታጠፍ አንዱ ጎማ እየተጎተተ ያፏጫል። የሁሉም ቴስቲና ዳዶ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግድ ሽቦ) ይግባበት።

ደረጃ 6፦ ኋላና ፍሬን

ለኋላ የፎርድ 8 ኢንች ወይም 9 ኢንች ዲፈረንሻል በቂ ነው፤ 9 ኢንቹ ለዚህች ቀላል መኪና ትርፍ ነው፣ ግን ማንም ቅር አይለውም። በካምቢዮው ጫፍና በዲፈረንሻሉ አፍንጫ መካከል ያለው ማዕዘን እኩልና ተቃራኒ ይሁን፦ ሞተሩ ከኋላ 3 ዲግሪ ዝቅ ካለ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ 3 ዲግሪ ቀና ይበል። አለዚያ መኪናዋ በ50 ማይል ፍጥነት ትንቀጠቀጣለች፣ እናንተም የጎማ ባላንስ እያላችሁ ወር ታባክናላችሁ።

የፍሬኑ ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) ከወለሉ ሥር ስለሚቀመጥ ከጎማው ፍሬኖች በታች ይውላል። ስለዚህ ዘይቱ በስበት ወደ ማስተሩ ይመለሳል፤ ከእያንዳንዱ ማቆሚያ በኋላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፣ ሁለት ጊዜ መርገጥ ይጠይቃል። ለዚህ በቱቦው ላይ የምትገባ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ለዲስክ የ2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ለድራም የ10። አትደባልቁ፤ የ10ሩን በዲስክ ላይ ካደረጋችሁ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል፣ ይግላል። የድራም ማስተር ከገዛችሁ ቫልቩ ውስጡ ሊኖር ስለሚችል ፈትታችሁ እዩ። ማስተሩ ሁለት ክፍል ያለው ይሁን፤ የፔዳሉ ክንድ ብዜት ደግሞ ወደ 6 ለ 1 ይጠጋ። ከ70ዎቹ መኪኖች አንዳንዶቹ በፊት ጎማ ላይ ጭራሽ ፍሬን የላቸውም። እንዲህ ያለችውን ከገዛችሁ የቀለሙን ነገር ተዉትና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ደረጃ 7፦ ሞተር

ስለ ሞተር ብዙ የምለው የለኝም፤ ሌላ መኪና ላይ የምትገጥሙት ያው ነው። ራዲያተሩ ትንሽ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ጨምሩ። ጉልበት አትጎምጁ፤ መኪናዋ ከ900 ኪሎ ብዙም አታልፍም፣ ከ250 ፈረስ በላይ ለጉራ ነው። የሸቭሮሌ ቪ8 የካንዴላ ተራ (ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ቅደም ተከተል) 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። ከቴስታታው የሚወጣው የጭስ ቱቦ በጎን ሲሄድ ተሳፋሪው ሲወርድ እግሩን እንዳያቃጥል እዩ። እኔ በግራ እግሬ ላይ ምልክቱ አለኝ።

ደረጃ 8፦ ቦዲ

የፋይበርግላስ ቦዲ ሲገዛ ልል ነው፤ በሁለት እጅ ብትጨምቁት ይታጠፋል። ከውስጡ የአንድ ኢንች ቱቦላሬ ፍሬም ሠርታችሁ፣ በሬዚንና በፋይበር ጨርቅ አጣብቁት። መስታወቱ፣ መሪው፣ የመቀመጫ ቀበቶው የሚታሰሩት በዚህ ብረት ላይ እንጂ በፋይበሩ ላይ አይደለም። ወለሉ በሁለት በኩል ሬዚን የጠጣ ወፍራም ኮምፖንሳቶ ይሁን።

አዲስ ቦዲን ወዲያው ቀለም አትቀቡት። ጥቂት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፤ ውስጡ ያልደረቀ ሬዚን ካለ ይውጣ። ከፋብሪካው የተጣበቀበትን ሰም በማጽጃ አጥቡት፣ ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በ180፣ በ320። ስቱኮ የሚያስፈልገው ከምታስቡት ይበዛል። ጥቁር ቀለም የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይበዛል።

ደረጃ 9፦ ኮረንቲና ነዳጅ

ከላሜራ መኪና የመጣ ኤሌትሪሺያን ሁሉ አንድ ቀን የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው፦ ፋይበርግላስ ኮረንቲ አያስተላልፍም። በላሜራ ቦዲ ላይ መብራቱን በቡሎን ስታስሩት ማሳ (የኮረንቲው መመለሻ) ያገኛል፤ እዚህ አያገኝም። ስቶፕ ስትረግጡ ፍሬቻው ይበራል፣ ፍሬቻ ስትሰጡ ዳሽቦርዱ ይደበዝዛል። ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን ጥቁር ሽቦ እስከ ሻንሲው አውርዱለት፤ ሻንሲውን ከባትሪውና ከሞተሩ ጋር በወፍራም ገመድ አገናኙ። እያንዳንዱ መስመር ቫልቮላ (ፊውዝ) ይኑረው። የነዳጅ ሰልባቲዮው ከመቀመጫው ጀርባ ስለሚውል መተንፈሻው ከቦዲው ውጭ፣ ከጭስ ቱቦው ርቆ ይውጣ።

ደረጃ 10፦ የ70ዎቹን መኪና ማስዋብ፣ ማለትም መቀነስ

ከባዶ ከመሥራት ይልቅ ብዙ ሰው የሚያገኘው ተሠርታ ጋራዥ ጥግ የቆመች የ70ዎቹ መኪና ነው። ፋይበርግላስ ሲረክስ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሠራቸው፤ "ፋድ ቲ" ይሏቸዋል። ምልክታቸው አይጠፋም፦ እንደ ስልክ ዳስ ቀጥ ብሎ የቆመ ረዥም የሸራ ጣሪያ፣ እንደ አውቶቡስ ቀጥ ያለ መሪ፣ ከኋላ ከቦዲው የሚሰፋ ጎማ፣ ብልጭልጭ ቀለም፣ በቁልፍ የተወጋጋ ቬልቬት። ብዙዎቹ ከታች ጤነኛ ሻንሲ አላቸው። ዋጋቸውም ዕቃውን ለየብቻ ከመግዛት ያነሰ ነው።

ስትገዙ ከሥር ግቡ። የፊት ቅንፉን ብየዳ በሽቦ ብሩሽ አጽዱና በአጉሊ መነፅር እዩት፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ዋጋው ላይ ተከራከሩ፣ አለዚያም ትታችሁ ሂዱ።

ከዚያ ገንዘብ ሳታወጡ የመጀመሪያውን ሥራ በመቀስ ሥሩ። የጎን ፎቶዋን በጥቁርና ነጭ በትልቁ አትሙ። ጣሪያውን ቆርጣችሁ ጣሉ። መስታወቱን ቁረጡ፣ በሦስት ኢንች ልክ አሳጥራችሁ ትንሽ ወደኋላ አዘንብላችሁ መልሳችሁ ለጥፉት። ጎማዎቹን ቁረጡና በሌላ ወረቀት ላይ የሳላችሁትን ትንሽ የላሜራ ቸርኬ በቦታቸው አስቀምጡ። የእኔዋ ወረቀት አሁንም ጋራዡ ግድግዳ ላይ አለች፤ ማስቲሹ ቢጫ ሆኗል፣ መስታወቱም አምስት ጊዜ የተቆረጠ ነው። ትክክለኛው አራተኛው ነበር።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያዙት። መጀመሪያ ጎማና ቸርኬ፤ የመልኩ ግማሽ እሱ ነው። ከፊት 15 ወይም 16 ኢንች ቀጭን የላሜራ ቸርኬ፣ ከኋላ ተመሳሳይ ቸርኬ ሰፋ ያለ፣ ከፈለጋችሁ ነጭ ጎን ያለው ጎማ። የኋላው ጎማ ቁመቱ ሲቀንስ የሻንሲው ዝንባሌ ይቀንሳል፣ ካስተሩም ይጨምራል፤ እንደገና ለክታችሁ አስተካክሉ። ይህን ረስተው መሪው ከበደ እያሉ የሚመጡ ሰዎች አሉ።

ሁለተኛ መስታወት። ጣሪያ ካልፈለጋችሁ ክፈፉን ማሳጠር ቀላል ነው፤ መስታወቱን ግን የመኪና መስታወት ከሚቆርጥ ባለሙያ አዲስ አስቆርጡ፤ ድርብርብ (ላሚኔትድ) እንጂ የመስኮት መስታወት አይሁን። ሦስተኛ የፊት መብራቶቹ። በ70ዎቹ ከራዲያተሩ ጎን ከፍ ብለው ይቀመጡ ነበር፤ ወደ አሞርዛተሮቹ አጠገብ አውርዷቸው፣ ግን የአካባቢያችሁ ሕግ ከመሬት የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ቁመት ሳታጣሩ አትበይዱ። አራተኛ የኋላ መብራት፦ አራት ማዕዘኑን ፕላስቲክ አውጡና የ1950 ፖንቲያክ ክብ መብራት ግጠሙ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ለውጡ ትልቅ።

አምስተኛ መሪው፤ ይህ የሚያደክመው ነው። ዘንጉን ወደኋላ ለማዘንበል ቀዳዳውን፣ የታችኛውን መጋጠሚያና የፔዳሉን ቦታ ሁሉ ትነካላችሁ። ደረጃ 2ን ከስፖንጁ ጋር ደግማችሁ ሥሩ። ከዚያ ቬልቬቱን አውጡና ለመቀመጫ ሠራተኛው ቀጥ ባለ መስመር የተሰፋ ነጭ ወይም ቀይ ቪኒል አሠሩ።

ክሮሙን ሁሉ አትጣሉት። ግራቦውስኪም አይቮም ክሮም ይወዱ ነበር። የሚያስጠላው ክሮም ሁሉም ቦታ ሲሆን ነው፤ አክስሉን፣ የራዲያተሩን ጠርዝና የጭስ ቱቦውን ተዉ፣ የቀረውን ጥቁር ቀቡት። በ350ው ላይ የድሮ መስመር ያለው የአሉሚኒየም የቫልቭ ሽፋን፣ ቀላል የአየር ማጣሪያ፣ ኪሳችሁ ከፈቀደ ሦስት የስትሮምበርግ 97 ካርቡራቶር። ኪሳችሁ ካልፈቀደ አንድ ካርቡራቶር በትክክል ይሠራል፤ ሦስት ካርቡራቶር አስማምቶ መንዳት ራሱን የቻለ ትዕግሥት ነው።

ደረጃ 11፦ ወረቀትና የመጀመሪያው መንገድ

የሻንሲውን፣ የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የቦዲውን ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ፖስታ ሰብስቡ። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ስቴት በቤት የተሠራ መኪናን የሚመዘግብበት የራሱ መንገድ አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤስቢ 100 በሚባለው ሕግ ለእንዲህ ዓይነት መኪና በዓመት የሚሰጠው 500 ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የዓመቱ መጀመሪያ ላይ ተዘጋጅታችሁ ተሰለፉ። ደረሰኝ የሌለው ሞተር ጣጣው ብዙ ነው፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና። የተሠራች መኪና ስትገዙም የሻንሲው ቁጥርና በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ ነው ገንዘብ የምትከፍሉት።

ቀለም ሳትቀቡ በፊት ንዷት። በፕራይመር፣ ያለ ምንጣፍ፣ ሁሉም ነገር እንደተጋለጠ። መጀመሪያ በባዶ ፓርኪንግ በ15 ማይል ፍጥነት ፍሬን ያዙ፤ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች ወይ? ከዚያ በ30፣ ከዚያ በ45፣ ሁለቱንም እጃችሁን መሪው ላይ አድርጋችሁ። የእሳት ማጥፊያ ከእግራችሁ አጠገብ ይሁን። ከመጀመሪያዎቹ 20 ማይሎች በኋላ የቸርኬ ዳዶዎችን፣ የባሌስትራውን ማሰሪያና የሞተር መቀመጫ ቡሎኖችን ደግማችሁ አጥብቁ፤ ከ100 ማይል በኋላ እንደገና። በእያንዳንዱ በጠበቀ ቡሎን ላይ ከዳዶው እስከ ብረቱ የሚያልፍ አንድ የቢጫ ቀለም መስመር አስምሩ። መስመሩ የተሰበረበት ቡሎን ፈቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሥር ገብታችሁ ባትሪ ማብራት ብቻ ይበቃችኋል።

ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉንም ፍቱት።